ጽሑፉን በእጃችሁ ሸፍኑት፦ ስለ ኮሚክስና ስለ ዘመዶቹ

(ይህ በአንድ የንባብ ማኅበር የምሽት ፕሮግራም ላይ ያደረግኩት ንግግር ነው። ከድምፅ ቅጂው ስገለብጠው የቀነስኩት ጥቂት ነው፤ ድግግሞሹም ቀልዱም እንዳለ ነው።)

ጤና ይስጥልኝ። እንደምን አመሻችሁ!

የተከበራችሁ እንግዶች፣ መምህራን፣ የሥዕል ተማሪዎች፣ ልጆቻችሁን ይዛችሁ የመጣችሁ ወላጆች፣ ሁላችሁም እንኳን ደህና መጣችሁ። ከኋላ የቆማችሁ፣ ፊት ለፊት ወንበር አለ። ኑ ግቡ፣ አልነክስም። አዘጋጆቹን ስለ ግብዣው አመሰግናለሁ። «ስለ ኮሚክስ ታወራልናለህ» ሲሉኝ ደስ አለኝ። ቀጥለው «ያው ለልጆች የሚሆን ነገር» ሲሉኝ ግን ፈገግ አልኩ። ለምን ፈገግ እንዳልኩ እመጣበታለሁ።

ሦስት ነገር ይዤ መጥቻለሁ። አንደኛ፣ ኮሚክስ ምንድን ነው? ምንስ አይደለም? ሁለተኛ፣ ዓይነቶቹን በምን እንለያቸው? ሦስተኛ፣ የእኛ የቤተ ክርስቲያን ግድግዳና የእኛ ሸራ በዚህ ዝምድና ውስጥ የት ይገባሉ? እውነቱን ልንገራችሁ፣ የመጣሁት ለሦስተኛው ነው። ሁለቱ መንደርደሪያ ናቸው። ደግሞ የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ ኋላ እንዳንጣላ።

እሺ፣ ወደ አንደኛው።

አንድ ቀላል ፈተና አለች። ሥዕል ያለበት መጽሐፍ እጃችሁ ሲገባ፣ መጀመሪያ ሥዕሉን በመዳፋችሁ ሸፍኑት። ጽሑፉን ብቻ አንብቡ። ታሪኩ ምንም ሳይጎድለው ከሄደ፣ የያዛችሁት ሥዕል የታከለበት ጽሑፍ ነው። የልጅነት የአማርኛ መጽሐፋችንን አስታውሱ። ቀበሮዋ ተስላለች፣ ቆንጆም ናት። ባትሳልስ? ተረቱ ያው ተረት ነው። አሁን ገልብጡት። ጽሑፉን ሸፍኑና ሥዕሉን ብቻ ተመልከቱ። ታሪኩ በሥዕሉ ብቻ ወደፊት ከተራመደ፣ ወይም አንዱ ሲሸፈን ሌላው ማነከስ ከጀመረ፣ ያኔ ሥዕሉ ለጌጥ አልመጣም። ሥራ ይዟል።

ይህን ከእኔ በፊት የተናገረው ሰውዬ የስዊዘርላንድ አስተማሪ ነው። ሮዶልፍ ቶፈር ይባላል። አባቱ ሠዓሊ ነበር። እሱም ሠዓሊ መሆን ፈልጎ ዓይኑ ደከመበትና ተወው። ጄኔቫ ውስጥ አዳሪ ትምህርት ቤት ከፈተ፤ ተማሪዎቹን ለማሳቅ እየሳለ ታሪክ ይነግራቸው ጀመር። የመጀመሪያውን በ1827 ሣለ፣ በ1837 አሳተመው። ሥዕሎቹ በተርታ ይደረደራሉ፣ ከሥራቸው በእጅ የተጻፈ መስመር አለ። ጀርመናዊው ባለቅኔ ጎተ በእርጅናው ዘመን አንዱን ረቂቅ አይቶ በጣም ወደደው። ታዲያ ቶፈር ራሱ ስለ ሥራው ምን አለ? ሥዕሎቹ ያለ ጽሑፉ ትርጉማቸው ጭጋግ ይሆናል፣ ጽሑፉ ያለ ሥዕሎቹ ግን ምንም ትርጉም የለውም አለ። ልብ በሉ! ሁለቱ ተደጋግፈው ነው የቆሙት። ብዙ ሰዎች ቶፈርን የዘመናዊ ኮሚክስ አባት የሚሉት በዚህ ነው።

«ታዲያ ቃል የሌለውስ?» የሚለኝ አይጠፋም። ጥሩ ጥያቄ ነው። ቤልጂጋዊው ፍራንስ ማሴሬል በ1919 በእንጨት ቅርጽ ያተመው ሙሉ ልብ ወለድ አንድም ቃል የለበትም። በየገጹ አንድ ሥዕል ብቻ። ትገልጣላችሁ፣ ይቀጥላል። ስለዚህ ቃል የግድ አይደለም። የንግግር ፊኛም፣ የሰዎቹ ንግግር የሚጻፍበት ክብ ማለቴ ነው፣ የግድ አይደለም። ቶፈርም ፊኛ አልነበረውም። በቻይና ለብዙ አሥርት ዓመታት በመዳፍ የሚያዙ ትናንሽ የሥዕል መጻሕፍት ሕዝቡ ሁሉ ሲያነባቸው ኖሯል፤ በየገጹ አንድ ሥዕል፣ ከሥሩ ጽሑፍ። ፊኛ ፈልጉ ብትባሉ የምታገኙት ጥቂት ነው።

ታዲያ የግድ የሆነው ምንድን ነው? ቅደም ተከተል ነው። አሜሪካዊው ዊል አይስነር በ1985 «ተከታታይ ጥበብ» አለው። የአገሩ ልጅ ስኮት ማክላውድ በ1993 ጠበቅ አድርጎ አሰረው፦ ሆን ተብሎ ጎን ለጎን በተርታ የተደረደሩ ምስሎች። እኔ ሁለቱንም እቀበላለሁ። ግን ለተማሪዎቼ የማሳየው ሌላ ነገር ነው። ክፍተቱን ነው የማሳያቸው።

እዩልኝ። ፍሬም አንድ፦ ልጅ ወንበር ላይ ቆሟል። እጁ መደርደሪያው ላይ ወዳለው የስኳር ቆርቆሮ ተዘርግቷል። ፍሬም ሁለት፦ ወንበሩ ተገልብጧል። ስኳሩ ወለሉ ላይ ፈሷል። ከአልጋው ሥር ሁለት ባዶ እግር ብቅ ብሏል። በቃ። ልጁ ሲወድቅ ሣልኩ? አልሣልኩም። እናቱ ስትመጣ ሣልኩ? አልሣልኩም። ታዲያ ልጁን ማን ጣለው? የእናቱን ኮቴ ማን ሰማ? እናንተ ናችሁ! በሁለቱ ፍሬሞች መካከል ባለችው ነጭ መስመር ውስጥ እናንተ ጣላችሁት። ከዚያ ደበቃችሁት። ሲኒማ ይህን አያደርግላችሁም፤ ወይ ያሳያችኋል ወይ ይቆርጠዋል፣ በራሱ ፍጥነት። ኮሚክስ ላይ ፍጥነቱ የእናንተ ነው። ወደኋላ ትመለሳላችሁ፣ ትቆማላችሁ፣ ሁለቱንም ፍሬም በአንድ ጊዜ ታያላችሁ።

በዚህ መለኪያ የጋዜጣ ነጠላ ካርቱን ከበር ውጭ ይቀራል። አንድ ሥዕል፣ አንድ ቀልድ፣ አንድ ቡጢ። ክፍተት የለውም። ማክላውድ በግልጽ አውጥቶታል። እኔ የአጎት ልጅ ነው እላለሁ፤ ለሠርግ ይጠራል፣ ውርስ አይካፈልም። እዚህ ካርቱን የምትሥሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። አትቆጡ፣ ክብራችሁ አልተነካም። ሙያው ሌላ ነው ለማለት ነው።

ወደ ሁለተኛው ልግባ። እዚህ ትንሽ ታገሡኝ፣ ምክንያቱም ግራ የሚገባን እዚህ ነው።

ሰው «ኮሚክ ነው፣ ማንጋ ነው፣ ግራፊክ ኖቭል ነው፣ ዌብቱን ነው፣ ልዕለ ጀግና ነው» ይላል። አንድ ዓይነት ዝርዝር ይመስላል፣ አይደለም? አይደለም! ሦስት የተለያየ መለኪያ ተቀላቅሎ ነው። አንዱ ታሪኩ እንዴት እንደተሠራ ይናገራል። አንዱ በምን ዕቃ እንደቀረበ ይናገራል። አንዱ ለማን እንደሆነና ስለ ምን እንደሆነ ይናገራል። ጠላ በጣሳም በዋንጫም ቢቀዳ ጠላ ነው። ይህን ካልለየን ስንከራከር እናድራለን።

ስለ ዕቃው ላውራ፣ እኔ የምወደው እሱን ነው። ምክንያቱም ዕቃው ታሪኩን ይቀርጸዋል። የጋዜጣ ስትሪፕ፣ ያ በአንድ ረድፍ የሚወጣው አጭር የሥዕል ቀልድ፣ ሦስት ወይም አራት ፍሬም ነው። ለምን? የጋዜጣ ቦታ ውድ ነው። ስለዚህ ቀልዱ በሦስተኛው ተንደርድሮ በአራተኛው ይፈነዳል። ነገ ደግሞ ከዜሮ ይጀምራል። በ1890ዎቹ ኒው ዮርክ ውስጥ ፑሊትዘርና ኸርስት የሚባሉ ሁለት የጋዜጣ ባለቤቶች አንባቢ ሲነጣጠቁ፣ እሑድ እሑድ የሚወጣ ባለቀለም የሥዕል ገጽ ትልቁ መሣሪያቸው ነበር። ቢጫ ረጅም የሌሊት ልብስ የለበሰውን የሠፈር ልጅ የሚሥለውን ሰውዬ እስከ መነጣጠቅ ደርሰዋል። ሠዓሊው ሪቻርድ አውትኮልት ይባላል። አስቡት፣ ሠዓሊ እንደ ኳስ ተጫዋች ሲዘዋወር! እኛ ዘንድ ሠዓሊ የሚጠራው ለዕቁብ ብቻ ነው።

ከዚያ በ1930ዎቹ ስትሪፖቹ ተሰብስበው በቀጭን መጽሔት መታተም ጀመሩ። ቆይቶ ለመጽሔቱ ብቻ የተሠራ ታሪክ መጣ። ሱፐርማን በ1938 ሲወጣ ዋጋው 10 ሳንቲም ነበር። ርካሽ ወረቀት፣ ቀጭን፣ በየወሩ። ታሪኩ አያልቅም፣ ምክንያቱም ካለቀ በሚቀጥለው ወር የሚገዛ የለም። ጀግናው የማያረጀውም የማይሞተውም ለዚሁ ነው። ሞተ ቢባል እንኳ አትመኑ።

ፈረንሳይና ቤልጂየም ደግሞ ሌላ ዕቃ አላቸው፤ ጠንካራ ሽፋን ያለው ትልቅ አልበም። ቴንቴን የሚባለው ወጣት ጋዜጠኛ ታሪክ በ1929 ጋዜጣ ላይ ጀመረ፣ ቀጥሎ በአልበም ተጠረዘ። የተለመደው አልበም 48 ገጽ ነው። ለምን 48? አታሚ ጠይቁ። ወረቀት ታጥፎ 16 ገጽ ይወጣዋል። ሦስቱ 48 ነው። ያ ቁጥር ከሠዓሊ ልብ አልመጣም፣ ከማተሚያ ቤት ነው የመጣው። ገጹ ጥቂት ስለሆነ በአንድ ገጽ አሥር፣ አሥራ ሁለት ፍሬም ይታጨቃል። እያንዳንዱ ፍሬም ዝርዝር የሞላበት ነው። ደግሞ ልብ በሉ፣ ጥሩ የአልበም ሠሪ ልብ የሚሰቅለውን ነገር የቀኙ ገጽ መጨረሻ ላይ ያስቀምጠዋል። በሩ ሲንኳኳ ገጹ ያልቃል። ማን እንደሆነ ለማወቅ መግለጥ አለባችሁ።

አሁን ጃፓንን እዩ። በየሳምንቱ የሚወጣ እንደ ስልክ ማውጫ የወፈረ መጽሔት፣ ጥቁርና ነጭ፣ ወረቀቱ ተነቦ የሚጣል። ውስጡ ብዙ ታሪክ በክፍል በክፍል ይሄዳል። የተወደደው ተለይቶ በትንሽ መጽሐፍ ይጠረዛል። ገጹ ብዙ ስለሆነ ሠዓሊው አይጨነቅም። ዝናብ በቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ሁለት ገጽ ይሰጠዋል። አንድ የዓይን ጥቅሻ ሙሉ ገጽ ታገኛለች። ሰዎች «የጃፓን ነፍስ ነው» ይላሉ። ሊሆን ይችላል። እኔ ግን ግማሹ የገጽ ብዛት ነው እላለሁ። አንድ አስቂኝ ነገር ልጨምር። ማንጋ፣ ይኸው የጃፓን ኮሚክስ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ነው የሚነበበው። መጀመሪያ ወደ እንግሊዝኛ ሲተረጎም ብዙው እንደ መስታወት ተገልብጦ ታተመ። ጎራዴ የሚመዘው ሳሙራይ ሁሉ ግራኝ ሆነና አረፈው።

ስልኩስ? የእህቴ ልጅ ቤት ይመጣል፣ ሶፋው ላይ ይጋደማል፣ አውራ ጣቱ ብቻ ትንቀሳቀሳለች። ዌብቱን ነው የሚያነበው። ከኮሪያ በ2000ዎቹ መጀመሪያ የመጣ ዕቃ ነው፤ ገጽ የለውም፣ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል። አንድ ቀን አጠገቡ ቁጭ ብዬ አየሁ። ልጅቷ ስልክ ደውላ መልስ ትጠብቃለች። ከዚያ ነጭ መጣ። ነጭ፣ ነጭ፣ አሁንም ነጭ። አውራ ጣቱ ይገፋል፣ ምንም የለም። «ስልኩ ተበላሸ እንዴ?» አልኩት። «አይ አጎቴ፣ እየጠበቀች እኮ ነው» አለኝ። አያችሁት? ክፍተቱ ረዘመ። ጊዜው በክንድ ተለካ። አልበም ላይ ይህን ማድረግ አትችሉም፣ ወረቀት ያልቅባችኋል። ዕቃው አዲስ ዝምታ ፈጠረ።

ግራፊክ ኖቭል የሚባለውስ? እሱም በዋናነት የዕቃ ስም ነው። ወፍራም፣ የተጠረዘ፣ መጻሕፍት መደብር ውስጥ ቆሞ የሚሸጥ፣ አብዛኛውን ጊዜ ዳር ያለው ታሪክ። ዊል አይስነር በ1978 ባወጣው መጽሐፍ ሽፋን ላይ ስሙን ካስቀመጠው በኋላ ነው የተስፋፋው። «ከኮሚክስ የተሻለ ነገር» የሚሉት አሉ። አይደለም። ዳኝነቴን ከፈለጋችሁ፣ የመደርደሪያ ስም ነው። ግን አልንቀውም፣ መደርደሪያ ትልቅ ነገር ነው። አርት ስፒግልማን አባቱ ከናዚ እልቂት እንዴት እንደተረፈ የሣለው ሥራ መጀመሪያ መጽሔት ውስጥ በክፍል በክፍል ወጣ። በመጽሐፍ ሲጠረዝ በ1992 ልዩ የፑሊትዘር ሽልማት አገኘ። ሥዕሉ ያው ነው። የተቀየረው የተቀመጠበት ቦታ ነው።

ፎቶ የተደረደረበት አለ፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ጣሊያን ውስጥ የፍቅር ታሪክ በፎቶግራፍና በፊኛ ተሞልቶ ይሸጥ ነበር። በሥዕል ሳይሆን በፎቶ፤ አሠራሩ ግን አንድ ነው። በዚህ እንለፈው።

ሦስተኛው መለኪያ አንባቢና ይዘት ነው። ጃፓኖች ለወንድ ልጆች፣ ለሴት ልጆች፣ ለጎልማሳ ወንዶች፣ ለጎልማሳ ሴቶች ብለው መጽሔቱን ይከፍሉታል። ብዙ ወጣት «ሾነን የውጊያ ዓይነት ነው» ሲል እሰማለሁ። ሾነን የአንባቢ ስም ነው፣ ለወንድ ልጆች የሚለው ክፍል፤ ውስጡ ቅርጫት ኳስም አለ፣ ምግብ ማብሰልም አለ። ይዘቱ ደግሞ ሌላ ነው፦ ልዕለ ጀግና፣ ፍቅር፣ ወንጀል፣ የሕይወት ታሪክ። ጆ ሳኮ ፍልስጤም ድረስ ሄዶ የሰዎችን ምስክርነት እየሣለ ዘግቧል፤ ይህ ጋዜጠኝነት ነው። ማርጃን ሳትራፒ የኢራን ልጅነቷን ሥላለች። የአይቮሪኮስቷ ማርጌሪት አቡዌ የ1970ዎቹን የአቢጃን ሠፈር፣ ዮፑጎንን፣ ከሠዓሊው ክሌመንት ኡብሬሪ ጋር አምጥታልናለች። ረሃብ የለም፣ ጦርነት የለም። ሦስት ልጃገረዶች፣ ዳንስ፣ ሐሜት፣ አባቶች። ይህን ሳነብ «የእኛ ሠፈር እኮ ነው!» ብያለሁ። ማነው የእኛን የሚሥልልን?

አሁን ወደ ፈገግታዬ ልመለስ። «ለልጆች» የሚለው ከየት መጣ? አንድ ትልቅ ምንጩ አሜሪካ ነው፣ ዓመቱ 1954። አንድ የሥነ አእምሮ ሐኪም ኮሚክስ ልጆችን ወንጀለኛ ያደርጋል የሚል መጽሐፍ ጻፈ። ፍሬድሪክ ወርተም ይባላል። ሴኔቱ ምርመራ ጠራ። አሳታሚዎቹ ደነገጡና ራሳቸው ላይ ደንብ አወጡ። ሽፋኑ ላይ ማኅተም የሌለውን አከፋፋይ አይወስድም ነበር። የአስፈሪና የወንጀል ታሪኮች ሞቱ፣ አሳታሚዎች ተዘጉ። ቀረ የተባለው ለልጅ የማያሳፍር ብቻ ሆነ። ከዚያ ሰው ዞር ብሎ «ኮሚክስ የልጅ ነው» አለ። እጁን አስረው «ለምን አያጨበጭብም?» እንደማለት ነው። ጃፓን ውስጥ ግን በዚያው አሥርት ዓመት፣ በ1957፣ ለአዋቂ የሚሆን ጨለም ያለ ታሪክ የሚሥሉ ወጣቶች ለሥራቸው የራሱን ስም እየሰጡ ነበር። መለኪያውን ስናምታታ፣ የአንድ አገር አሳታሚዎች ደንብ የሥነ ጥበቡ ጠባይ መስሎን ይቀራል።

ውሃ ልጠጣ።

ሦስተኛው። የመጣሁበት።

«ኮሚክስን የፈጠርነው እኛ ነን፣ ግድግዳዎቻችንን እዩ» የሚል ነገር እሰማለሁ። ደስ ይላል። ግን ረጋ እንበል። ሁሉም አገር አያት ይፈልጋል። ጣሊያኖች በ113 ዓመተ ምሕረት የተሠራውን የትራያንን ዓምድ ያሳያሉ። ፈረንሳዮች 70 ሜትር ገደማ የሚረዝም ጥልፍ ያወጣሉ፤ በ1066 የተደረገውን ጦርነት ከነጽሑፉ የሚተርክ። እኛ ደግሞ የጣና ገዳማትን እንጠራለን። ጥያቄው «ማን ቀደመ?» መሆን የለበትም። «ሥዕሉ ምን ሥራ ይሠራል?» ነው መሆን ያለበት።

አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። የዛሬ አያሌ ዓመት አንድ መሥሪያ ቤት ስለ ወባ መከላከያ በሥዕል የሚነገር ትንሽ መጽሐፍ እንድሥል ሥራ ሰጠኝ። ማንበብ ለማይችሉ እናቶች ነው፣ ቃል የለበትም ተባልኩ። አንድ ገጽ ላይ አራት ፍሬም አደረግኩ። ሴትየዋ አጎበር ትቀበላለች። ትሰቅለዋለች። ጠርዙን ከፍራሹ ሥር ትወሽቃለች። ከልጇ ጋር ውስጡ ትተኛለች። ከመታተሙ በፊት ከባሕር ዳር ወጣ ብሎ ባለ መንደር ወስደን አሳየን። አንዲት እናት፣ እማማ ልበላቸው፣ ገጹን ይዘው ቆዩ። ከዚያ ምን አሉኝ መሰላችሁ?

«ልጄ፣ እነዚህ አራት ሴቶች ጎረቤታሞች ናቸው?»

ዝም አልኩ። ቀጠሉ። «ለእያንዳንዳቸው አጎበር ተሰጣቸው። ለእኛ ግን ያኔ ለአንድ ቤት አንድ ነው የሰጡን። ይህ ነገር እንዴት ነው?»

ሳቃችሁ፤ እኔም ስቄያለሁ። ግን አስቡት፣ እማማ ልክ ናቸው። ወረቀቱ ላይ አራት ሴቶች አሉ። ቁጠሩ! አራት ናቸው። «አንዷ ሴት አራት ጊዜ ናት» የሚለው እኛ ያጠናነው ስምምነት ነው። ከልጅነታችን ጀምሮ ስላየነው የተፈጥሮ ሕግ መሰለን።

ታሪኩ በዚህ ቢያልቅ «ገጠር ያለ ሰው ሥዕል ማንበብ አይችልም» ትሉኝ ነበር። አላለቀም። በማግስቱ እሑድ ነበር፣ ከቅዳሴ በኋላ እማማን ቤተ ክርስቲያን አገኘኋቸው። ግድግዳው ላይ የበላዔ ሰብ ታሪክ ተሥሏል። «ይህንንስ ያውቁታል?» አልኳቸው። እንዴታ! እጃቸውን ዘርግተው ጀመሩ። እዚህ ጋ ሰው ሲበላ፣ 78 ነፍስ። እዚህ ጋ ለምጻሙ ውሃ ሲለምነው። እዚህ ጋ በእመቤታችን ስም ጥርኝ ውሃ ሲሰጠው። እዚህ ጋ ሞቶ ሚዛኑ ላይ ሲቀርብ፣ እመቤታችን ጥላዋን ስታሳርፍበትና ውሃዋ ስትመዝን። አንዱ በላዔ ሰብ ግድግዳው ላይ አራት ቦታ አለ። «አራት ወንድማማቾች ናቸው?» ብዬ ልጠይቃቸው አሰብኩ፣ አፈርኩ።

ምን ሆነ? እማማ የተሣለ ሰው ሲደጋገም ማንበብ ይችላሉ። በደንብ ይችላሉ። ልዩነቱ፣ የግድግዳውን ታሪክ ቀድመው ያውቁታል። ከካህኑ አፍ ሰምተዋል፣ ከእናታቸው ሰምተዋል። ሥዕሉ አልነገራቸውም። አስታወሳቸው። የእኔ አራት ፍሬም ግን ያልሰሙትን ታሪክ ብቻውን ሊነግራቸው ሞከረ። ሥራው ሌላ ነው!

ስለዚህ እኔ ከዚያ ወዲህ የሥዕል ተረክን በሁለት ትልልቅ ቤት እከፍለዋለሁ። አንዱን አስታዋሽ እለዋለሁ፤ ታሪኩ ሰሚው ልብ ውስጥ አለ፣ ሥዕሉ ይጠራዋል። ሌላውን ነጋሪ እለዋለሁ፤ ታሪኩ የትም የለም፣ ሥዕሉ ራሱ ያመጣዋል። የፈረንጅ መጽሐፍ ውስጥ አትፈልጉት፣ የራሴ ነው።

በዚህ ዓይን የእኛን ነገር ዞር ብላችሁ እዩ። ቸርችል ጎዳና ላይ ያሉት የስጦታ ዕቃ መደብሮች የንግሥተ ሳባን ሸራ ይሰቅላሉ። ብዙ ጊዜ 44 ሥዕል አለው። በረድፍ በረድፍ፣ እንደ ፊደላችን ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከየሥዕሉ ሥር አንድ መስመር አማርኛ። ቅርጹን ብቻ ካያችሁ፣ ቶፈር ቢያየው «ዘመዴ!» ይል ነበር። ዘንዶው ይነግሣል፣ ዘንዶው ይገደላል፣ ማክዳ ትነግሣለች፣ ነጋዴው ታምሪን ስለ ሰሎሞን ጥበብ ይነግራታል። በተለይ የእራቱን ምሽት እዩት። ምግቡ ቅመም የበዛበት ነው። ሌሊት ጠማት። ወደ ውሃው እጇን ስትሰድ ሰሎሞን እጇን ይይዛታል። «ከቤቴ ምንም አትወስጂም» የሚለው መሐላ ፈረሰ። ያን ሁሉ አንድ ትንሽ ሳጥን ውስጥ፣ በሁለት እጅ ብቻ!

አንድ ጊዜ የውጭ አገር እንግዳ ይዤ እዚያ ቆምኩ። ጥሩ የኮሚክስ አንባቢ ነው። ጽሑፉን አያነብም፣ ስለዚህ ሥዕሉን ብቻ ተከተለ። አምስተኛው ላይ ጠፋ። «እባቡ የንግሥቲቱ ባል ነው?» አለኝ። የእጅ ፈተናዬ ሠራች። ለእኔ ጽሑፉ ቢሸፈንም ታሪኩ ይሄዳል፣ ለእሱ ግን ይቆማል። ሸራው በቅርጹ ኮሚክስ ነው፤ በሥራው አስታዋሽ ነው። ሁለቱም እውነት ነው።

ደግሞ የእኛ ሠዓሊዎች አንድ ግልጽ ምልክት ነበራቸው። ደግ ሰው ሁለት ዓይኑ ይታያል። ክፉ ሰው በጎን ይሣላል፣ አንድ ዓይን ብቻ። ይሁዳን እዩት። የዐድዋን ሥዕል እዩት፤ ከላይ ቅዱስ ጊዮርጊስ፣ በአንድ ወገን የእኛ ሰዎች ፊታቸውን ሙሉ፣ በሌላ ወገን ጣሊያኖች በጎን። ማን ወዳጅ፣ ማን ጠላት፣ ከሩቅ ታውቃላችሁ። የዐድዋው በአንድ ሸራ ውስጥ ያለቀ ስለሆነ ማክላውድ ከበር ይመልሰዋል። እኔ አስገባዋለሁ። ንጋቱም፣ ውጊያውም፣ ድሉም አንድ ላይ ተሥሏልና ዓይናችሁ ራሱ ፍሬም ይቆርጣል። ተከራከሩኝ፣ ደስ ይለኛል።

ነጋሪው ግን እኛ ዘንድ ገና ወጣት ነው። ባለፉት ዓመታት ጀምበርና ሃዊ የሚባሉ ኢትዮጵያውያን ልዕለ ጀግኖች ወጥተዋል። ማንም አያቱ ያልነገረችው አዲስ ታሪክ ነው። ያንን በማድረጋቸው ብቻ ባርኔጣዬን አነሳለሁ። እንዲያም ሆኖ አብዛኞቻችን ስንጀምር የምንሥለው ምንድን ነው? ቴዎድሮስ፣ ዐድዋ፣ ማክዳ። የሚታወቀውን! ለምን? ይቀላል። አንባቢው ግማሹን ይዞልን ይመጣል። ክፍተቱ ብንሳሳት እሱ ይሞላልናል። የማይታወቅ ታሪክ ላይ ግን የሚያድናችሁ የለም። ሴትየዋ አራት ሴት ትሆንባችኋለች።

የእማማን ነገር እንዴት ፈታነው? የመጀመሪያውን ገጽ ሙሉ ለሴትየዋ ፊት ሰጠነው። ሙሉ ፊት፣ ሁለት ዓይን፣ እንደ ግድግዳው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ገጹን ከፍታ «ይህች አለሚቱ ናት» ብላ እንድትጀምር ተስማማን። ሻሿን በየፍሬሙ አንድ ዓይነት ባለመስመር አደረግኩት። አራቱ ፍሬሞችም በየገጹ አንድ አንድ ሆኑ፣ እንደ ቻይናዎቹ። እንደገና ወሰድነው። እማማ ገጹን ገለጡ። «አለሚቱ ሰቀለችው» አሉ። ገለጡ። «ጠርዙን ግን በደንብ አልወሸቀችውም፣ እዚህ ጋ ክፍት ነው» አሉኝ። አየሁት፣ እውነትም ክፍት ነው። ከዚያ በላይ ምን አንባቢ እፈልጋለሁ?

ሰዓቴን እያሳዩኝ ነው። ወደ ጥያቄ ከመግባታችን በፊት የቤት ሥራ አለች፣ አሁኑኑ የምትሠራ። በር አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላይ ስድስት ሳጥን የታተመበት ወረቀት ውሰዱ። እስክሪብቶ የሌለው ከጎረቤቱ ይዋስ። ዛሬ ጠዋት ያጋጠማችሁን አንድ ነገር ሣሉ፣ ታክሲም ይሁን ወረፋ። ማንም የማያውቀው ይሁን። ዐድዋ አይፈቀድም! ቃል አይጻፍም። መሣል አልችልም የሚል ሰው ክብ ራስና ዱላ እግር ይበቃዋል። ስትጨርሱ አጠገባችሁ ላለው ሰው ስጡና ጮክ ብሎ ይተርከው። እናንተ አፋችሁን ትዘጋላችሁ፣ እርማት የለም። የት ጋ እንደጠፋ ምልክት አድርጉበት።

ልጆች፣ እናንተም ውሰዱ። ለአዋቂዎቹ ግን እንዳታግዟቸው።

አመሰግናለሁ። እሺ፣ ጥያቄ ያለው እጁን ያውጣ፤ እዚያ ጥግ ያለሽው እህቴ፣ ካርቱን የምትሥዪው፣ ከአንቺ እንጀምር።